ስሜን ግን ባልጠራሽው

(በማህበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ በሂሳብ ሠራተኛዋ የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ የማህበራችን አባላት፣ የሥራ አመራር ኮሚቴ አባላት፣ ከሩቅም ከቅርብም የመጣችሁ አጋሮቻችን፣ እናቶቼና እህቶቼ፣ እንደምን ዋላችሁ? ሁላችሁም ደህና ናችሁ? ቤቱ፣ ልጆቹ፣ ከብቱ ደህና? ሰላምታ አስረዘመች አትበሉኝ። ዛሬ የምናገረው ስለ አነጋገራችን ስለሆነ ከሰላምታው ብጀምር ይሻላል ብዬ ነው።

እንደምታውቁኝ እኔ እዚህ መድረክ ላይ ስቆም ይዤ የምቀርበው ቁጥር ነው። ቁጠባ ይህን ያህል፣ ብድር ይህን ያህል፣ ውዝፍ ይህን ያህል። የዘንድሮው ሪፖርት ተባዝቶ በእጃችሁ ስላለ እሱን አልደግመውም። ሰብሳቢያችን «አንድ ርዕስ መርጠሽ አስተምሪን» ስትለኝ ስለ ደረሰኝ አያያዝ የምናገር መስሏት ነበር። እኔ ግን ለረጅም ጊዜ ሲከነክነኝ የቆየ፣ በመዝገብ ላይ የማይታይ ኪሳራ አለብኝ። እሱን ልንገራችሁ።

ነገሩ የሆነው የዛሬ ሁለት ዓመት ገደማ ነው። በአንድ ወርሃዊ ስብሰባ ላይ ክፍያ የዘገየባቸውን አባላት ዝርዝር ይዤ ቆምኩ። ያኔ አሠራራችን እንዲህ ነበር፤ ስም ይጠራል፣ የስንት ወር እንደቀረ ይነበባል፣ ቅጣቱ ይነገራል። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም። ብድራችን በቡድን ዋስትና የሚሰጥ ነው፤ አምስት ሴቶች ተያይዘው ይፈርማሉ፣ አንዷ ስትዘገይ የአራቱም ተራ ይዘገያል። ሰው በአደባባይ ሲሰማ ያፍራል፣ ሲያፍር ይከፍላል ብለን ነው። እኔም ማንበብ ጀመርኩ። ሦስተኛው ስም ከሀብሩ ገጠር ቀበሌ የሚመጡ የአንድ እናት ነበር። «የሦስት ወር» ብዬ ወደሚቀጥለው ስም አለፍኩ። ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ ሲያደርጉ አጠገቤ የነበረችው ጸሐፊ አይታለች። እኔ ከወረቀቴ ቀና አላልኩም፣ አላየሁም። ስብሰባው እስኪያልቅ ተቀመጡ፣ ቡናውን ጠጡ፣ እንደ ወትሯቸው መርቀውን ሄዱ።

በሁለት ወር ውስጥ ዕዳቸው ከነቅጣቱ ተከፍሎ አለቀ። ገንዘቡን ያመጣው ልጃቸው ነው። ደረሰኝ ቆረጥኩ፤ ከስማቸው ፊት ዜሮ ስጽፍ ደስ አለኝ። እንዲያውም «ስም መጥራት ይሠራል» ብዬ አስቤ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን እኚያ እናት ስብሰባ አልመጡም። ቁጠባቸውም ቆመ።

ከወራት በኋላ መርሳ ገበያ ላይ ብርቱካን ዘርግተው አገኘኋቸው። ሲያዩኝ ብድግ አሉ። «እንዴት ነሽ ልጄ? እናትሽስ? ልጆቹስ? መንገዱ እንዴት ነው?» አንድም ሳያስቀሩ ጠየቁኝ። «ምነው ጠፉብን?» አልኳቸው። «ሥራው በዛብኝ» አሉ። ብርቱካኑን መዝነው፣ ምርቃት ጨምረው፣ ፌስታሉን ካቀበሉኝ በኋላ ነው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የነገሩኝ።

«ልጄ፣ ዕዳ ያለበት ሰው ዕዳ እንዳለበት አይረሳም። የቆጠርሽው ልክ ነው። ስሜን ግን ባልጠራሽው። የልጄ አማት ከጎኔ ተቀምጣ ነበር።»

ሌላ ምንም አላሉም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ የሚባለው ይኸው ነው። እኔ በዚያ ቀን የጠራኋቸውን ሌሎች ስሞች ረስቻለሁ። እሳቸው ማን ከየት በኩል ተቀምጣ እንደነበር ያስታውሳሉ። በመዝገቤ ላይ አንድ ብር አልጎደለም፤ ኦዲተርም ቢመጣ ስህተት አያገኝብኝም። ማህበራችን ግን አንድ ሰው አጣ፤ ያጣነውም በእኔ አፍ ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እንዴት እንደምንናገር እያስተዋልኩ ነው። ያስተዋልኩትን ልንገራችሁ፤ የሚያናድደኝንም አልደብቃችሁም።

በመጀመሪያ ግን እኛ ሰው ማክበር አናውቅም እያልኩ አይደለም። የወሎ ሰው በዚህ አይታማም። ሰው ሲገባ ብድግ ብለን «ኖር» እንላለን፤ እንግዳውም «በእግዜር» ይላል። አልፎ ሂያጁን «እንብላ» ሳንል አንጎርስም። ለታላቅ «አንቱ» እንላለን። የተጨነቀችዋን «አይዞሽ» ብቻ ብለን አንተዋትም፣ «አብሽሪ» እንላታለን፤ ቃሉ ከአረብኛ የመጣ ነው፣ የምሥራች ማለት ነው። ክርስቲያኑም እስላሙም ይለዋል። ቅሬያችን ሟቹ በየትኛው ሃይማኖት እንደሚቀበር ለይቶ አይደለም ድንኳን የሚተክለው።

ሰርግ ላይ ደግሞ አስቡት። ክርስቲያኗ ስትደግስ ሙስሊም ጎረቤቷን ጠርታ የሙስሊሞቹን እንግዶች ሥጋ በእሱ እጅ ታሳርዳለች፣ ድስቱንም ትለያለች። ሙስሊሟም እንደዚሁ። እንግዳዋ ከመጠየቋ በፊት «ይኼ ያንቺ ነው፣ አትስጊ» ትባላለች። እንግዳዋ በሰው ፊት «ማን ነው ያረደው?» ብላ እንዳትሳቀቅ ባለቤቷ ቀድማ ታስብላታለች ማለት ነው። በ2016 ዓ.ም. ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ቀን፣ መጋቢት 2፣ ሲገቡ ሁላችንም ጾመኛ ስለሆንን ማንም ማንንም ሳይከፋው አሳለፍነው። ጾማችን በማይገጥምበት ጊዜም እሮብና ዓርብ ለክርስቲያኗ ወተት ያለበት አናቀርብም፤ በረመዳን ቀን ሙስሊሟ ፊት ስኒ አንደረድርም።

እንግዲህ የእኔ ጥያቄ ይህ ነው። የአንዷን ጾም እንዲህ የምንጠብቅ ሰዎች ስሟን፣ አካሏን፣ ማህፀኗን፣ ዕዳዋን ለመጠበቅ ለምን ሰነፍን? ምን እንደምትበላ ሳትጠየቅ እናውቅላታለን፤ ምን እንደሚያማት ግን በሰው መሃል ጮክ ብለን እንጠይቃታለን።

ከመስኮታችን ልጀምር። መስኮት ስል ገንዘብ የምንቀበልበትን ማለቴ ነው። በየመሥሪያ ቤቱ እንደሚሰማው እኛም ጋ «አንቺ!»፣ «ሴትዮ!»፣ «ቀጣይ!» ይባላል። ወጣቶቹ ደግሞ «ማዘር» ይላሉ። ልጆቹ ክፉ ሆነው አይደለም፣ ፈጥነው ነው። ግን አንዲት ስድሳ ዓመት ያለፋቸው እናት ከጊራና ድረስ መጥተው፣ ወረፋ ጠብቀው፣ የልጅ ልጃቸው የምትሆን ልጅ «አንቺ፣ ደብተርሽን» ስትላቸው ምን እንደሚሰማቸው አስቡ። «ወይዘሮ» የሚለው ቃል ድሮ የመሳፍንትና የመኳንንት ሴቶች መጠሪያ ነበር። ጊዜ እየሄደ ከግቢ ወጣ፣ ዛሬ ያገባች ሴት ሁሉ ወይዘሮ ነች። በደርግ ጊዜ ሁሉም «ጓድ» ተብሎ ነበር፤ ያም አለፈና ወይዘሮ ቀረ። የነገሥታት ዘመድ ብቻ ይጠራበት የነበረው ማዕረግ ብርቱካን ለምትሸጥ እናት ደርሷል። እኛ በመስኮት ላይ አንንጠቃት። «ወይዘሮ እገሊት፣ ደብተርዎን ይስጡኝ» ለማለት ሁለት ሰከንድ ይበቃል።

ሁለተኛው ስለ አካል ነው። «ወፍረሻል»፣ «ከስተሻል»፣ «ምነው ጠቆርሽ?» እንደ ሰላምታ እንለዋለን። ለእኛ እናቶች «ወፈርሽ» ማለት ጠግበሽ አደርሽ ማለት ነበር፣ ምርቃት ነበር፤ ገብቶኛል። ግን የከሳች ሴት ሁሌ ሥራ በዝቶባት አይደለም፣ መድኃኒት የጀመረች ትሆናለች። «መቼ ነው የምትወልጂው? ሁለተኛውስ?» የሚለውም እንደዚሁ ነው። ጽንስ ከጨነገፈባት ሳምንት ያልሞላት እህታችን ቁጠባዋን ልታስገባ መጥታ፣ አንዷ ሆዷን አይታ «ደረሰልሽ መሰለኝ፣ እንኳን ደስ ያለሽ!» ስትላት አጠገባቸው ነበርኩ። ተናጋሪዋ ከልቧ ደስ ብሏት ነው። ያችኛዋ «አሜን» ብላ ገንዘቧን ቆጥራ ሰጠችኝ። ሁለት ጊዜ ተሳስታ ቆጠረች። ከዚያ ወዲህ እኔ አንድ ነገር ተምሬአለሁ፤ ሰው ራሷ ያልነገረችኝን ደስታም ሆነ ሐዘን ቀድሜ አልናገርም። «ደህና ነሽ?» ይበቃል። ልትነግረኝ ከፈለገች በር ተከፍቶላታል።

ሦስተኛው ከበድ ይላል፣ ግን ሳልናገረው ማለፍ አልችልም። ከነሐሴ 2013 እስከ ታህሳስ 2014 ዓ.ም. በወልድያና በመርሳ ምን እንዳሳለፍን የማያውቅ በዚህ አዳራሽ የለም። የጦርነቱ ወራት ካለፉ በኋላ ሰው ሲገናኝ ይጠያየቅ ነበር። «ቤታችሁስ? ከብቱስ? ሱቁስ?» ይህ ደግ ነው፣ መጽናኛ ነው። ከዚህ አልፎ ግን «አንቺንስ?» የሚል ጥያቄ ነበር። አንዲት ቃል ነች። በዚህ ቃል ምክንያት ውኃ መቅጃ ሰዓቷን የቀየረች፣ ከቡና የቀረች ሴት አለች። ጠያቂዋ ልታጽናና ይሆናል፤ መልሱ ግን የሷ ብቻ ንብረት ነው። እንደዚያ ላለ ነገር አያቶቻችን የሚያውቁት ደንብ አለ። አይጠየቅም። ሄደሽ አጠገቧ ትቀመጫለሽ፣ ቡና ታፈይላለሽ፣ አቦል ቶና በረካ እስኪያልቅ ትቆያለሽ። ከተናገረች ትሰሚያለሽ፤ የሰማሽውን ወደ ሌላ ቤት አታደርሺም። ካልተናገረች «አብሽሪ» ብለሽ ትወጫለሽ፣ በሌላ ቀን ትመለሻለሽ።

ክቡራን አጋሮቻችን፣ ለእናንተም በትህትና አንድ ቃል አለኝ። እርዳታችሁ ብዙ ሴቶችን አቁሟል፣ ምስጋናችን ከልብ ነው። ልትጎበኙን ስትመጡ አንዳንዴ አንዷን አስነስታችሁ «ከዚህ በፊት እንዴት ነበርሽ? ምን ያህል ችግረኛ ነበርሽ? ንገሪን» ትሏታላችሁ፣ ፎቶም ታነሳላችሁ። ሪፖርት እንደሚያስፈልግ እኔም የሪፖርት ሰው ነኝና አውቃለሁ። ግን የወሎ ሰው ስለ ፎቶ የቆየ ትዝታ አለው። በ1966ም በ1977ም ረሃብ ጊዜ የእናቶቻችን ፊት በዓለም ቴሌቪዥን ዞሯል። ያ ምስል እርዳታ አምጥቷል፣ ነፍስ አትርፏል፣ አንክድም። ሆኖም ፊታቸውን ያየ ሕዝብ ስፍር ቁጥር የለውም፤ ስማቸውን የጠየቀ ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ ልመናዬ ቀላል ነው። መጀመሪያ ስሟን ጠይቋት። ቀጥሎ ብቻዋን ሳለች «ታሪክሽን ብንጽፍ፣ ፎቶ ብናነሳሽ ፈቃድሽ ነው?» በሏት። በጎረቤቶቿ መሃል ከተጠየቀች «እሺ» ማለቷ አይቀርም፣ ግን የእኛ «እሺ» ምን ማለት እንደሆነ አሁን እነግራችኋለሁ።

አባላት ሳቃችሁ፤ ገብቷችኋል ማለት ነው። እስካሁን ሰው የሚያቆስለውን አነጋገር ነበር የወቀስኩት። አሁን ደግሞ እንዳያቆስል ተብሎ የሚነገረው፣ የእኔን እንጀራ የሚያከብደው አነጋገር ይምጣ።

«እሺ ይበልጣል ከሺህ» ይባላል። ሂሳብ ሠራተኛ ግን በ«እሺ» ደረሰኝ መቁረጥ አትችልም። «ማክሰኞ ታመጫለሽ?» ስላት «እሺ» ትለኛለች። እኔ ከጊዜ በኋላ መዝገበ ቃላት ሠርቻለሁ። «እሺ» ማለት ሰምቼሻለሁ ማለት ነው። «እስቲ» ማለት አይመስለኝም ማለት ነው። «ነገ» ማለት አሁን አትጠይቂኝ ማለት ነው። «ኢንሻአላህ» እና «እግዜር ካለ» ከልብ ሲባሉ ትልቅ ቃል ናቸው፤ «አይሆንም»ን መሸፈኛ ስናደርጋቸው ግን በፈጣሪ ስም ቀጠሮ ማፍረስ ይሆናል።

ይህን የሚያመጣው ይሉኝታ ነው። «አልችልም» ማለት ነውር ይመስለናል፤ ሰው ፊት ለፊት ማሳዘን ይከብደናል። ግን የቡድኑን ነገር አስታውሱ። አንዷ ከቀኑ በፊት «በዚህ ወር አልቻልኩም» ብትለኝ የክፍያውን ጊዜ ለማስተካከል ለኮሚቴው አቀርብላታለሁ፣ ቅጣትም ሳይጀምር ይቀራል። «እሺ» ብላኝ ከቀረች ቅጣቱ መቁጠር ይጀምራል፤ አራቱ ዋሶቿም ሳያውቁት ብድራቸው ይያዛል። እኔን ላለማሳዘን ብላ አራት እህቶቿን ታሳዝናለች። ለእኔ ከሺህ «እሺ» ይልቅ ከልብ የተነገረች አንዲት «አልቻልኩም» ትበልጥብኛለች።

እዚህ ላይ ግን ራሴን ጠየቅሁ። ሴቶቹ «አልቻልኩም» የማይሉት ለምንድን ነው? ብትል እኔ ምን አደርግ ነበር? በሰው ፊት ስሟን እጠራ ነበር። ታዲያ ማን ደፍራ እውነት ትነግረኛለች? እነሱን ወደ «እሺ» የገፋቸው የእኔ ጮክ ማለት ነው። እውነት እንዲነገረኝ ከፈለግሁ እውነት የሚነገርበት ጸጥ ያለ ቦታ ማዘጋጀት የእኔ ፋንታ ነበር።

ስለ ስልክም ላንሳ፣ አጭር ነው። ሚስኮል ታደርጉልኛላችሁ፣ መልሼ እደውላለሁ፣ ችግር የለም። ከዚያ አንዷ ሚኒባስ ውስጥ ሆና ስፒከሩን ከፍታ «ስንት ቀረብኝ?» ትለኛለች። ከወልድያ መርሳ የሚሄደው ተሳፋሪ ሁሉ ዕዳዋን ከእነ ረዳቱ ሊሰማ ነው። አሁን ከሰላምታ ቀጥሎ የምጠይቀው «ብቻሽን ነሽ ወይ?» ብዬ ነው። ካልሆነች «ስትወርጂ ደውይልኝ» እላታለሁ። አንዳንዷ «ምን ምሥጢር አለብኝ ብለሽ ነው?» ብላ ትስቃለች። ይሁን፣ ትሳቅብኝ።

ሰዓትም አለ። ለሦስት ሰዓት የተጠራ ስብሰባ አራት ተኩል ሲጀመር «የሀበሻ ቀጠሮ ነው» ብለን እንስቃለን። የሚስቁት ግን ከተማ ያሉት ናቸው። የገጠሯ አባል ጎህ ሳይቀድ ተነስታ፣ ላሟን አልባ፣ በእግሯ መጥታ በሰዓቱ ደርሳለች። ማርፈድ ሰዓቷን መውሰድ ነው፤ የሰው ሰዓትም እንደ ሰው ገንዘብ ነው።

አሁን ወደ መደምደሚያዬ ልምጣ። ለጉባኤው አራት ነገር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ የባለ ውዝፍ ስም በስብሰባ ላይ ከእንግዲህ አይነበብ። የውዝፉ ጠቅላላ ድምር ይነገር፤ የማህበሩ ገንዘብ የት እንዳለ ማወቅ መብታችሁ ነው። የእያንዳንዷ ግን በታጠፈ ወረቀት በእጇ ይሰጣት። ዋሶቿ የማወቅ መብት ስላላቸው አምስቱ ብቻ ለብቻቸው ይነጋገሩ።

ሁለተኛ፣ ክፍያ የማትችል አባል ከቀኑ ቢያንስ አምስት ቀን ቀድማ «አልቻልኩም» ትበል። ይህን ያለች ሴት በእኔ ጠረጴዛ ላይ አትገላመጥም፤ ቃሌ ነው። ጠረጴዛዬንም ከወረፋው ራቅ አድርጌ፣ ከጎኑ አግዳሚ ወንበር አስቀምጫለሁ። ቆማ ሳይሆን ተቀምጣ ትነግረኛለች።

ሦስተኛ፣ በመስኮታችን ላይ «ሴትዮ» እና «ማዘር» ይቅር። ለታላላቆቻችን «አንቱ»፣ ለሁሉም ስሟ ከነማዕረጉ።

አራተኛ፣ ፎቶና ታሪክ የሚወሰደው ባለቤቷ ለብቻዋ ተጠይቃ ስትፈቅድ ብቻ ይሁን። ካልፈቀደችም ከማህበሩ የምታገኘው ምንም ነገር አይቀነስ።

ስለ እኚያ እናት መጨረሻውን ሳትጠይቁኝ አልቀርም። ባለፈው ጥር አንዲት ታላቅ አባላችንን ይዤ ቤታቸው ሄድኩ። ሽማግሌ ይዞ መሄድ የአገራችን ደንብ ነው፤ አበጋሮቻችን ደም እንኳ የሚያስታርቁት በዚሁ መንገድ ነው። ይቅርታ ጠየቅኳቸው። «ተይ ልጄ፣ ምን አድርገሽኝ» አሉ፣ ግን ዓይናቸውን ወደ ጀበናው መለሱ። ቡና አፈሉልን፣ ቆሎ አቀረቡልን፣ ሦስቱንም ጠጣን፣ መረቁን። ስንወጣ «እንግዲህ ወደ ማህበሩ ይመለሱልን» ስላቸው «እስቲ» አሉኝ።

«እስቲ» ምን ማለት እንደሆነ ነግሬአችኋለሁ። እስከ ዛሬ አልመጡም። በአባላት መዝገብ ላይ ስማቸውን አልሰረዝኩትም፤ ደንቡ የሚፈቅድልኝን ያህል ጊዜ ሁሉ እዚያው ይቆያል። ዛሬ ይህን ስናገርም ስማቸውን እንዳልጠራሁ ልብ በሉልኝ። ማን እንደሆኑ የገመታችሁ ካላችሁ፣ እባካችሁ ግምታችሁን ይዛችሁ ወደ ቤታችሁ ግቡ።